ለቅዳሜ የተቆረጡ አበቦች

አከራያችን ሚስስ ኦልሰን ታኅሣሥ በገባ ቁጥር አበባቸውን በረዶ ያበሉ ነበር። የበረዶ ትሪዎቹን ከፍሪዛቸው ያወጡና በወጥ ቤት ጓንት ይዘው ከአጥሩ ሥር ወዳለችው ባዶ መደብ ይሄዳሉ። እኔም አንድ ትሪ በሁለት እጄ ይዤ እከተላቸዋለሁ። ትሪውን ገልብጠን ስንጠመዝዘው በረዶው እየተንኳኳ አፈሩ ላይ ይበተናል። ሚስስ ኦልሰን ጎንበስ ብለው መሬቱን «በል ተኛ፣ ክረምት ነው» ይሉታል፣ በእንግሊዝኛ። በሞቃቷ የአሜሪካ ከተማ በሳን ሆዜ ግን እሳቸው የሚሉት ዓይነት የበረዶ ክረምት አልነበረም። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ብርቱካን እስከ ጫፉ አፍርቷል፤ እኔ ደግሞ ካልሲ እንኳ አላደረግኩም።

አበባው ፒዮኒ ይባላል። ሚስስ ኦልሰን ሥሩን ብርዳማዋ አዮዋ ከሚገኘው ከአባታቸው እርሻ ነቅለው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ያመጡት ነው። ብርድ ካላገኘው አያብብም ይላሉ፤ ስለዚህ ያታልሉታል። አራት ዓመት አታለሉት፤ አራት ዓመት ቅጠል ብቻ አበቀለላቸው። ተስፋ ግን አልቆረጡም። «እሱም እንደ እኔ ግትር ነው» እያሉ ይስቁ ነበር።

እኛ የምንኖረው በጓሯቸው ጫፍ ላይ፣ ድሮ ጋራዥ በነበረች ቤት ውስጥ ነው። ሁለት መንገድ ከተሻገርን ካምቤል የምትባለው ከተማ ውስጥ ነን። አባቴ ደምሴ ኤርፖርቱ አጠገብ የኪራይ መኪና ያጥባል። እናቴ ውብዳር ካምቤል ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ያን ጊዜ የነርስ ረዳትነት ፈተና እያጠናች ነበር። እኔ ቲና ነኝ፤ ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ወንድሜ ፍራኦል ደግሞ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፤ እሱን ግን የማውቀው በፎቶ ብቻ ነው።

ፍራኦል እናቴ አባቴን ከማግባቷ በፊት የወለደችው ልጅ ነው። በሱዳን በኩል ስትወጣ ሁለት ዓመቱ ስለነበር አዲስ አበባ ለእናቷ፣ ለእማማ ሀረገወይን ትታው ሄደች። ከዚያ በኋላ እሱን ወደ አሜሪካ የማምጣቱ ፕሮሰስ ተጀመረ። እኔ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ፍራኦል ሁልጊዜ እየመጣ ነበር። ፎቶው ከሶፋው በላይ ተሰቅሎ፣ ኮሌታው እስከ አንገቱ ተቆልፎ፣ ትንሽ የተቆጣ ይመስላል። ማሚ ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን ከማስቀመጧ በፊት እሱን ነው የምታየው። ቅናት ይሰማኝ ነበር፤ በፎቶ ይቀናል?

ጓሮው ግን የእኔና የማሚ ነበር። ባለቤቷ ሚስስ ኦልሰን ናቸው፤ እኔ ግን እንደዚያ አላስበውም ነበር። የካቲት ላይ ዳፎዲሉ ቢጫ ሆኖ ይነሣል። ከዚያ ቱሊፑ ይከተላል። የቱሊፑን ሥር ሚስስ ኦልሰን በወረቀት ከረጢት አድርገው ጋራዥ ቤታችን ውስጥ በነበረው የጋራ ፍሪጅ ስድስት ሳምንት ያስተኙታል። አንድ ዓመት አባቴ ቀይ ሽንኩርት መስሎት ሦስቱን ከትፎ ዘይት ውስጥ ጨመራቸው። ማሚ ከሥራ ስትመጣ ከሽታው አውቃ ድስቱን እንዳለ ደፋችው። ሚስስ ኦልሰን ሲሰሙ አልተቆጡም። «ምን ዓይነት ቀለም እንደነበሩ ሳናውቅ ቀረን» ብቻ አሉ። አባቴ ከዚያ ወዲህ ያንን ፍሪጅ ሲከፍት ጉሮሮውን ጠርጎ ነው።

ሚያዝያ ሲደርስ ወይን ጠጅ አይሪስ አለ። በበጋ ዚኒያ፣ ከእኔ የሚረዝም ሆሊሆክ፣ በመከር የዱባና የዝገት ቀለም ያለው ክሪሳንተመም። ማሚ የእንግሊዝኛውን ስም መያዝ ስለማትወድ ለሁሉም የራሷን አውጥታላቸዋለች። ጎኑን ሲጫኑት እንደ ከንፈር የሚከፈተውን «አፍ ከፋች» ትለዋለች። በገመድ ላይ የሚወጣውን፣ ጠረኑ እስከ መንገድ የሚሄደውን «የሽቶ አተር»። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ቀንድ አውጣ ትለቅማለች። ሚስስ ኦልሰን በአንዱ መደብ፣ እሷ በሌላው፣ አንዷ የሌላዋን ቋንቋ በቅጡ ሳታውቅ ሙሉ ሰዓት ሲያወሩ ይሰማኛል። ምን እንደሚባባሉ አላውቅም። ይስቁ ነበር።

ይህን ሁሉ የምቆጥረው ናፍቆኝ አይደለም። አሁን ጥርስ ሐኪም ቤት ነው የምሠራው፤ በየቀኑ ሰው በማደንዘዣ መርፌ ሲደነዝዝ አያለሁ። ከንፈሩን ሲነኩት ያውቃል፣ አያመውም። እኔም ስለዚያ ጓሮ ሳስብ እንደዚያ ነኝ። ቀለሙ አንድም አልጠፋኝም፤ የሚሰማኝ ነገር ግን የለም።

በፈረንጆቹ 1996፣ ግንቦት ላይ ፒዮኒው ለመጀመሪያ ጊዜ እምቡጥ ያዘ። አንድ ብቻ፣ ሎሚ የምታክል፣ አረንጓዴ ሆና በስንጥቋ ሮዝ የሚታይባት። ሚስስ ኦልሰን ለሁሉም ጎረቤት ነገሩ። እምቡጧን ጉንዳን ወርሷት ነበርና ላራግፍላት ስል «ተያቸው፣ ማር እየላሱ ነው» አሉኝ። አንድ እሁድ ጠዋት ቁጭ ብዬ ጉንዳን ስቆጥር ስልክ ጮኸ። ማሚ ሥራ ላይ ነበረች። አባቴ የስልኩን ረጅም ገመድ እየጎተተ ደጃፉ ላይ ወጣ።

«መቼ?» አለ። «አጠገባቸው ማን ነበር?» አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ጮክ ብሎ፣ «ፍራኦልስ? ፍራኦል የት ነው ያለው?» አለ።

ስልኩን ሲዘጋ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኔ አርባ ሁለት ጉንዳን ቆጥሬ ተሳሳትኩና እንደገና ጀመርኩ።

«ቲኒ» አለኝ በመጨረሻ። «ስልክ መደወሉን ለማሚ እንዳትነግሪ።»

«ዋይ?» አልኩት በእንግሊዝኛ።

«ፈተና አለባት። አርብ ትጨርስ። ከዚያ እኛ እንነግራታለን።»

ያን ቀን አያቴ ሀረገወይን አርፋ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ጋደም እንዳለች ነው አሉ። አባቴ «ፍራኦልስ?» ያለው ልጁ ማን ጋ እንዳለ ሲጠይቅ ነበር፤ ጎረቤት ወስዳዋለች ብለውታል። ይህን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በሥራ ቀንም አይነገርም። በጠዋት ሰው ተሰብስቦ ቤቷ ይሄዳል፣ አንድ ትልቅ ሰው ይናገራል፣ የቀሩት ይይዟታል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሰው የሚሰበሰበው ቅዳሜ ብቻ ነው። ስለዚህ አያቴ ለእናቴ እስከ ቅዳሜ ድረስ በሕይወት ቆየችላት።

እኔ በዚያ ሳምንት የሰማሁት ሌላ ነው። አባቴ ማሚ በሌለችበት ሰዓት ሁሉ ስልክ ላይ ነበር። ኤል ሴሪቶ ለሚኖሩት ለጋሼ ወልደ ማርያም ሲደውል ሳያውቀው ቆሞ ነው የሚያናግራቸው። ጋሼ ወልደ ማርያም በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አስተምረው ጡረታ የወጡ ትልቅ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከሌሉ እኛ አንችለውም» ይላቸዋል። «አዎ፣ ቅዳሜ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት። ከመንገዱ ማዶ እንገናኝና አንድ ላይ እንገባለን። አይ፣ ምንም አልጠረጠረችም።»

ከዚያ አይናዲስ ከሄይዋርድ መጣች። የማሚ የካርቱም ጓደኛዋ ናት፤ እኔ አይንዬ ነው የምላት። የሚታጠፉ ወንበሮች አምጥታ ከአባቴ ጋር ፍሪጁ ጀርባ ደበቁ።

«ምግቡን ለሴቶቹ ኮል አድርጌላቸዋለሁ» አለችው። «አንተ ቡናና ስኳር ብቻ ፒክ አፕ አድርግ።»

«ቲና ሰምታሻለች።»

«እሷ ምን ገባት።»

ገብቶኛል ብዬ ነበር። ሳምንት ሙሉ ሹክሹክታ፣ የተደበቀ ወንበር፣ ሁሉም አንድ ላይ የሚገባበት ሰዓት፣ ለማሚ እንዳትነግሪ፣ ፈተናዋን ከጨረሰች በኋላ። የክፍሌ ልጅ የማሪሶል እናት ሠላሳ ዓመት ሲሞላት እኮ ሶፋ ጀርባ ተደብቄያለሁ። ይህ ሳታውቅ የሚደገስላት ሰርፕራይዝ ፓርቲ ነው። አይናዲስ ወንበሮቹን ደግፋ ዓይኗን ስትጠርግ አይቻለሁ፤ ደስ ብሏት መሰለኝ። የማሪሶል አክስትም አልቅሳ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ለሚስስ ኦልሰን ነገርኳቸው። እሳቸው ምን ያውቃሉ። እጃቸውን አጨበጨቡ፣ ስንት ሰው እንደሚመጣ ጠየቁኝ፣ ኬክ ማን እንዳዘዘ ጠየቁኝ። ኬክ ያዘዘ የለም አልኳቸው። «እንግዲያው ፓይ እጋግራለሁ» አሉ። በጓሯቸው ሩባርብ የሚባል፣ ቅጠሉ እንደ ቆስጣ ሰፊ፣ ግንዱ ቀይና ኮምጣጣ ተክል ነበራቸው፤ በሊጥ ተሸፍኖ በስኳር ሲጋገር ነው የሚበላው፣ ያ ነው ፓይ። አበባ መቁረጥ እችል እንደሆነ ስጠይቃቸው «የፈለግሽውን ሁሉ፤ ፒዮኒዋን ብቻ ተይልኝ» አሉኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማሚ የሽቶ አተሩን በክር እያሰረች ነበር። ክሩን በጥርሷ ነው የምትበጥሰው። እኔ መቀሷን ይዤ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ምስጢሩ አራት ቀን ሆዴ ውስጥ ቆይቶ አላስቀመጠኝም።

«ማሚ፣ አንድ ነገር ብነግርሽ አክት ሰርፕራይዝድ ታደርጊያለሽ? እንዳልሰማሽ ትሆኛለሽ?»

«ምን?»

«ቅዳሜ ሰዎች እየመጡ ነው። ኢትስ ኤ ሲክሬት። አባዬ እንዳትነግሪ ብሎኛል።»

«ማን ነው የሚመጣው?» አለችኝ እየሳቀች።

«ሁሉም። አይንዬ ወንበር ደብቃለች። ጋሼ ወልደ ማርያም ይመጣሉ።»

ክሩ በእጇ ላይ ቆመ። «ጋሼ ወልደ ማርያም? ከኤል ሴሪቶ?»

«የስ።»

«በስንት ሰዓት?»

«ሲክስ። ኢን ዘ ሞርኒንግ።»

ማሚ ጎንበስ አለችና ፊቷን ከፊቴ ጋር እኩል አደረገች። እጇ ትከሻዬ ላይ ነበር፣ የተክል ጠረን ነበረው። «ቲና፣ ስሚኝ። አባዬ ስልክ ላይ ሲያወራ የማንን ስም ጠራ?»

አሰብኩ። ጥሩ መልስ መስጠት ፈልጌ ነበር።

«ፍራኦል» አልኳት። «ሁለት ጊዜ። ‹ፍራኦልስ› አለ፣ ከዚያ ቁጭ አለ።»

እውነቴን ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ልክ የሆነ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

ማሚ አልጮኸችም፣ አልወደቀችም። ቀና ብላ ወደ ክሩ ተመለሰች። አንዱን ግንድ አሰረች፣ እዚያው ላይ ደግማ አሰረች፣ ሦስተኛ አሰረችው። «እንደነገርሽኝ ለማንም አትንገሪ» አለችኝ ሳታየኝ። «ለአባዬም። እሺ?» እሺ አልኩ። ቧንቧውን ከፍታ ጓሮውን ማጠጣት ጀመረች። ውኃው መደቦቹን ሞልቶ፣ በሲሚንቶው ላይ ወርዶ፣ መንገድ እስኪገባ ድረስ አጠጣች። ሚስስ ኦልሰን በመስኮት ብቅ ብለው አዩና ተመለሱ።

አርብ ፈተናዋን ተፈተነች። ፈተናው እጅ መታጠብ፣ ሰው የተኛበትን አንሶላ መቀየር፣ የልብ ምት መቁጠር ነው። በኋላ እንደነገረችኝ የአንዲት የማታውቃትን ሴት የእጅ አንጓ ይዛ ስድሳ ሰከንድ ሙሉ ሳትሳሳት ቆጥራለች። ሰባ አራት ነበር። አልፋለች።

ማታ ፀጉሯን ታጠበች። ቤቱን ጠረገች፣ የእኔን ሮዝ ቀሚስ ተኮሰች። ከሶፋው በላይ የነበረውን ፎቶ አውርዳ በጨርቅ ወለወለችውና መልሳ ሰቀለችው። አባቴ ፈተናው እንዴት ነበር ሲላት ጥሩ ነበር አለችው። እሱ ከሷ ዓይን ይሸሻል፣ እሷ ከሱ ዓይን ትሸሻለች፤ እኔ መካከላቸው ተቀምጬ ማሚ እንዴት ጎበዝ ተዋናይ ናት እላለሁ።

ቅዳሜ ሳይነጋ ተነሣሁ። ቀሚሴን ለበስኩ፣ መቀሱንና ባልዲውን ይዤ ወጣሁ። ሣሩ ጫማዬን አራሰው። አይሪሱን ቆረጥኩ፣ አፍ ከፋቹን በሙሉ፣ የሽቶ አተሩን ከነክሩ። ፖፒ የሚባለው ቀይ አበባ ገና ስነካው ቅጠሉ ረገፈ፤ የረገፈውን ለመበተን በኪሴ ከተትኩት። ፒዮኒዋ ሌሊቱን ተከፍታለች። የሕፃን ጭንቅላት ታክላለች፣ ሮዝ ናት፣ መካከሏ ነጭ ነው። ቆሜ አየኋት። አልነካኋትም።

ሚስስ ኦልሰን ሽርጣቸውን እንዳደረጉ፣ ፓዩን በፎጣ ይዘው ወጡ። አበባቸውን ሲያዩ ቆሙ። ፓዩን ሣሩ ላይ አስቀምጠው ተንበረከኩ፣ አሸተቷት። ከዚያ መቀሱን ከእጄ ወስደው ቆረጧት።

«ለእናትሽ» አሉኝ።

ከመንገዱ ማዶ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማን፣ ቀስ ተደርጎ። አሥራ ሁለት ያህል ሰዎች ናቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ እኔ ያንን ማንበብ አልችልም ነበር። ወንዶቹ ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፤ ለፓርቲ የዘነጡ መሰለኝ። ሁሉም ዝም ብለዋል። ማሚ እንዳትሰማ ነው ብዬ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ የጓሮውን በር ከፈትኩላቸው። ጋሼ ወልደ ማርያም ሲያልፉ ራሴን ዳበሱኝ። አይናዲስ ባልዲውን አይታ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፣ ግን ሌሎቹ ቤቱ ጋ ደርሰው ነበር።

ማሚ ለብሳ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ሊያንኳኩ እንኳ አልደረሱም። «ግቡ» አለች። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እኔና ሚስስ ኦልሰን በሩ ላይ ከሰዉ ጀርባ ቀረን፤ በአይናዲስ ክንድ ሥር ማሚን አያታለሁ።

ጋሼ ወልደ ማርያም ወንበር ስበው ከፊቷ ተቀመጡ። «ውብዳር፣ ልጄ» አሉ። «ዛሬ የመጣነው ለደግ አይደለም።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው አባቴን ዞር ብለው አዩት። አባቴ ራሱን ነቀነቀ፣ እኔ አልነገርኳትም ለማለት። ጋሼ ወደ ማሚ ተመለሱ።

«እናትሽ፣ ወይዘሮ ሀረገወይን፣ አርፈዋል። እሁድ ነው።»

«ማን?»

«እናትሽ፣ ልጄ።»

«እማዬ ናት?»

«አዎ።»

«ተመስገን» አለች እናቴ።

ጮክ ብላ አይደለም፤ ግን ቤቷ ትንሽ ናት። ሁሉም ሰማ። ፊቷ ሲበራ አየሁ። ደስ አላት ማለት ነው። ተሳክቷል ማለት ነው። በሰዉ መካከል ገብቼ የፖፒውን ቅጠል ከኪሴ በተንኩና «ሰርፕራይዝ!» አልኩ።

ቀይ ቅጠል በጋሼ ጉልበት ላይ፣ በምንጣፉ ላይ ወረደ። አይናዲስ በሁለት ትከሻዬ ይዛ ወደ ውጪ ስታወጣኝ ነው ማሚ የጮኸችው፤ ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ አብረው ጮኹ። ሚስስ ኦልሰን ፓዩን ከሣሩ አንሥተው ፍሪጁ ላይ አስቀመጡ። ሽርጣቸውን አወለቁ። ገብተው ከማሚ አጠገብ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ ፒዮኒዋን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ ማታ አልተነሡም። ማን እንደሞተ ማንንም አልጠየቁም። በእነሱም አገር ሰው ሲሞት ጎረቤት ፓይ ይዞ ይሄዳል አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሚጠበቅ ነው። ከሳን ሆዜ እስከ ኦክላንድ ሐበሻው በሙሉ ሰማ፤ ውብዳር እናቷን ሲያረዷት ተመስገን አለች። ደንግጣ ነው ያሉ ነበሩ። ልጇን ጥላባቸው መጥታ፣ ሲሞቱላት ገላገሉኝ አለች ያሉ ግን ይበዛሉ። ለአባቴ «ደንግጬ ነው» አለችው፤ ለሌላ ሰው ምንም አላለችም። ልጅቷም ቀይ ቀይ በተነች ብለው ያወሩ ነበር። የእኔን ልጅነቴ ይቅር አስባለው። የእሷን ግን ምን ይቅር ያስብለዋል?

ፍራኦል በቀጣዩ ዓመት መከር ላይ መጣ። እንደ ፎቶው ነበር፣ ትንሽ የተቆጣ። ማሚን ለመልመድ ጊዜ ወሰደበት፤ እማማን ነበር እናት ብሎ የሚያውቃት። እየለመደ ነበር። አሥራ አራት ዓመቱ ላይ፣ ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ውስጥ፣ አንዲት ሴት ለሌላዋ «ይቺ አይደለች እናቷ ሲሞቱ ተመስገን ያለችው?» ስትል ሰማ። ያን ቀን በመኪና ስንመለስ አላወራም። ከዚያ ወዲያ እማዬ አላላትም፤ ውብዳር ነው የሚላት። አሥራ ስምንት ሲሞላው ሳክራሜንቶ ሄደ። ለገና ይመጣል፣ በልቶ ይሄዳል።

እኔ ይህን ሁሉ አየሁና አንዱንም ከሌላው ጋር አላገናኘሁም። ራሴ ውስጥ የነበረው የሰባት ዓመት ልጅ ሥዕል ነው፤ ማሚ ሰርፕራይዙን ወደደችው፣ ከዚያ የሆነ መጥፎ ዜና መጣ። ሃያ አራት ዓመቴ ላይ አይናዲስ ቡና እየጠጣን «እናትሽን ያን ቃል ለምን እንዳለችው አንድም ቀን አልጠየቅኳት» አለችኝ። የቱን ቃል አልኩ። ነገረችኝ። እቤቴ ደርሼ መኪናው ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። ሐሙስን፣ አርብን፣ ቅዳሜን ቆጠርኩ።

በማግሥቱ ማሚ ጋ ሄድኩ። ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። እኔም ቅጠል አንስቼ መቀንጠስ ጀመርኩ።

«ፍራኦል ብዬሽ ነበር» አልኳት።

እጇ አልቆመም። «ብለሽኝ ነበር» አለች።

«ለምን አባዬን አልጠየቅሽውም?»

«ካልነገሩኝ አልሞተም ብዬ። እስከ ቅዳሜ ላቆየው ብዬ።» ቅጠሉን አገላበጠችው። «ያን ቀን ያለቀስኩትም እማዬን አይደለም። ልጄ አለ፣ ልጄ አለ እያልኩ ነው ያለቀስኩት። እናቴ ሞታ።»

«ለሰዉ እኮ መንገር ትችይ ነበር። ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው ስምሽን ሲያነሡት።»

«ምን ልበል? ልጄ ናት ያረዳችኝ ልበል? ሰባት ዓመትሽ እኮ ነበር።»

«ለፍራኦልስ?»

ይህን ጊዜ ጎመኑን አስቀመጠች። «ያሳደገችህ ሞታ አንተ በመትረፍህ ተመስገን አልኩ ልበለው? በእማማ ለወጥኩህ ልበለው? ይህን ተሸክሞ ከሚኖር በኔ ይናደድ። እንዳትነግሪው፣ ቲና።»

አልነገርኩትም። ከዚያ ወዲህ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አላመለጠኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ምስጢር መጠበቅ ቻልኩ፣ ለማንም ባልጠቀመበት ቦታ። ባለፈው ገና ፍራኦል ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ በልቶ ሲሄድ ማሚ በመስኮት ስታየው አየኋት። ሰባ ሊሞላት ሁለት ዓመት ነው የቀራት። በግንቦት አንድ ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓቴ፣ ከክሊኒኩ ጀርባ ቆሜ ደወልኩለት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ወንበሮቹን፣ ክሩን፣ ስሙን ለማሚ መናገሬን። ድምፄ ለታካሚ ቀጠሮ እንደማስታውስ ነበር።

«ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ?» አለኝ።

«አዎ።»

«እኔ ሞቼ?»

«አንተ ሞተህ።»

«እና አርብ ፈተናዋን ተፈተነች?»

«አለፈች» አልኩት።

ስልኩን ዘጋው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ማሚ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ተዘግቷል። ገና ሊነጋ ሲል በሯ ተንኳኳ። በዚያ ሰዓት ለደግ የሚያንኳኳ ሐበሻ የለም። ተነሥታ በበሩ ቀዳዳ ስታይ ፍራኦል ቆሟል፣ ብቻውን። ከሳክራሜንቶ ሌሊት ነው የተነሣው። ማን እንደሞተ በልቧ እየቆጠረች፣ ደምሴ ከጎኔ ተኝቷል፣ ቲና ትሆን እያለች ከፈተችለት።

«‹ተናገር› አልኩት» አለችኝ። «‹ማንም አልሞተም፣ እማዬ› አለኝ። ከዚያ ሁለታችን ቁጭ ብለን እናቴን አለቀስናት።»